የልጅነት እንጎቻ፦ ስለ ምግብ ናፍቆትና ስለ ቤተሰብ ማዕድ



ለትምህርት ከቤታችን ርቀን በምንኖርበት በዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤት፣ ማታ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ሁልጊዜ የሚነሣ አንድ ጨዋታ አለ። እርሱም የምግብ ጨዋታ ነው። ከጎጃም የመጣው ጓደኛችን የእናቱን የጤፍ እንጀራ ያነሣል፤ ከወልቂጤ የመጣው ስለ ቆጮና ስለ ክትፎ እጁን እያወናጨፈ ያስረዳል፤ እኛ ደግሞ የደብረ ብርሃንን የገብስ ቆሎና በሶ እናወሳለን። ጨዋታው በሣቅ ይጀምርና ቀስ በቀስ ወደ ዝምታ ያመራል። ያን ጊዜ የራበው ሆዳችን ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

በዚህ ጽሑፍ ይህ ናፍቆት ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያስተምረን፣ እንዲሁም በምን ሊያሳስተን እንደሚችል በአጭሩ ለመመልከት እንሞክራለን። ቀጥለንም በ2017 ዓ.ም. የትንሣኤ በዓል በቤተሰባችን የሆነውን እንደ ምሳሌ እናቀርባለን። ስለ ወጥ አሠራር ለማስተማር አልተነሣንም፤ የዚያ ትምህርት መምህራን እናቶቻችን ናቸውና።

1. ናፍቆት ምንድን ነው?

እኛ «ናፍቆት» የምንለውን ነገር አውሮፓውያን በአንድ ወቅት ከበሽታ ቆጥረውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የሕክምና ተማሪ በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ከአገራቸው ርቀው የሚኖሩ ሰዎች በቤታቸው ሐሳብ ብቻ ሲከሱና ሲታመሙ ማየቱን ገልጾ ለሕመሙ «ኖስታልጊያ» የሚል ስም አወጣለት። ቃሉን የሠራው ከሁለት የግሪክ ቃላት ነው፤ «ኖስቶስ» ወደ ቤት መመለስ ሲሆን «አልጎስ» ሕመም ማለት ነው። ዛሬ ሐኪሞች ናፍቆትን በሽታ አይሉትም። ይሁን እንጂ ተማሪው የሰጠው ስም ትክክል መሆኑን በመጀመሪያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ ቆይታ ያለፈ ሁሉ ይመሰክራል።

ይህ ናፍቆት ከሌላው ነገር ሁሉ ይልቅ በምግብ በኩል የሚመጣው ለምንድን ነው? ምክንያቱ በአፍንጫችን ነው። ጣዕም ብለን የምንጠራው ነገር አብዛኛው ሽታ ነው፤ ጉንፋን የያዘው ሰው የሚበላው ሁሉ እንደ ገለባ የሚሆንበት ስለዚህ ነው። የሽታ መልእክት ደግሞ ከአፍንጫ ተነሥቶ ስሜትና ትዝታ ወደሚስተናገዱባቸው የአንጎል ክፍሎች በአጭር መንገድ ይደርሳል። የዓይንና የጆሮ መልእክቶች ግን አስቀድመው በሌላ ጣቢያ ማለፍ አለባቸው። በመሆኑም አንድ ሰው የአያቱን መልክ ለማስታወስ ሲቸገር፣ በመንገድ ሲያልፍ ከአንድ ግቢ የወጣ የሚቁላላ ሽንኩርት ሽታ የአያቱን ጓዳ ከነጢሱ፣ ከነድምፁ ሊያመጣለት ይችላል። ማርሴል ፕሩስት የተባለው ፈረንሳዊ ደራሲ የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1913 በታተመው ታላቅ ልብ ወለዱ ውስጥ በሻይ የተነከረ አንዲት ቁራሽ ኬክ ልጅነትን እንዴት እንደቀሰቀሰች ጽፏል። የእኛዋ ቁራሽ በሻይ የተነከረች ኬክ አይደለችም፤ በበርበሬና በቅቤ የተቀባች እንጎቻ ናት።

2. የሚናፍቀን ምንድን ነው?

ሀ. እንጎቻ

እንጎቻን የማያውቅ አበሻ ልጅ ያለ አይመስለንም። ሆኖም እንደገና እናስታውስ። ጤፉ ተፈጭቶ በእርሾ ይቦካል፤ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ ከሊጡ ጥቂት ተወስዶ በፈላ ውኃ እየተማሰለ ይበስልና አብሲት ሆኖ ወደ ሊጡ ይመለሳል። ከዚያም ምጣዱ ይሰማል። የመጀመሪያዋ እንጀራ ማሟሻ ናት፤ ምጣዱ መስማቱ የሚታወቀው በእርሷ ነው። ሊጡ ምጣዱን ሲነካ በውስጡ የታመቀው አየር እየፈነዳ ዐይን ያወጣል፤ ክዳኑ ይደፋል፤ በጠርዙ እንፋሎት ሲወጣ እንጀራው በሰፌድ ይነሣል። እኛ ልጆቹ ከምድጃው አጠገብ ተኮልኩለን፣ ጢሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ የምንጠብቀው ግን ይህን ሁሉ አልነበረም። የምንጠብቀው የሊጡን ማለቅ ነበር። ምክንያቱም በመጨረሻ ከቡሃቃው ግርጌ በተጠራረገው ሊጥ ትንንሽ እንጎቻዎች ለእያንዳንዳችን ይጋገሩ ነበር።

ያደግንበት ቤት የእናቶቻችን እናት ቤት ነው። ከእኛ የሁለታችን እናት ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ስለሄደች፣ የሁለታችን እናት ደግሞ ከዚያው ቤት ሳትወጣ ስለቀረች አራታችንም በአንድ ጣሪያ ሥር አደግን። አያታችንን እናቶቻችን እንደሚጠሯት «እምዬ» እያልን እንጠራት ነበር። እምዬ እንጎቻ ስትጋግር የእያንዳንዳችንን ትለይ ነበር፤ የታናሻችንን ወፍራም፣ የታላቃችንን ጠርዙ የደረቀ ታደርገዋለች። እንደዚህ እንድታደርግ ማንም አልነገራትም፤ ስንበላ አይታ ነው። ዛሬ ስናስበው እንጎቻው የጣፈጠን በቅቤው ብቻ አይደለም። በዚያ ሁሉ ሰው በሚበላበት ቤት «ይህ የአንተ ነው፤ ይህ የአንቺ ነው» ተብሎ የተሰጠን ነገር እርሱ ብቻ ስለነበረ ነው።

ለ. የዓመቱ ምግብ

በአገራችን ልጅ የዓመቱን ወራት የሚማረው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከወጥ ቤት ነው። ነሐሴ መጋመሱን የምናውቀው ሙልሙል ዳቦ ሲጋገር ነው። የደብረ ታቦር በዓል ነሐሴ 13 ቀን ሲውል፣ ወንዶቹ ልጆች በየደጁ እየጨፈሩ ሙልሙል ይሰበስባሉ። ታኅሣሥ 29 የገና ነው፤ ጥር 11 የጥምቀት። በዐቢይ ጾም ሽሮው፣ ምስሩ፣ ሱፉና ተልባው በየተራ ይቀርባሉ። የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ከተከካ ባቄላና ከስንዴ የተቀቀለ ጉልባን ይበላል። ድፎው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ሲጋገር ሽታው ከጎረቤት ደርሶ ይመለሳል።

ከዚያም 55ቱ ቀን ተፈጽሞ ትንሣኤ ይመጣል። ያን ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ከእንቅልፍና ከረሃብ ጋር እየታገልን፣ የዶሮውን ወጥ የመጀመሪያ ጉርሻ ስንቀምስ የሚሰማንን ደስታ በቃላት መግለጽ ያስቸግራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባል። ዶሮ ወጡ የሚጣፍጠው 55 ቀን ስለተጠበቀ ነው። በማንኛውም ቀን ከማንኛውም ምግብ ቤት ሊገዛ የሚችል ዶሮ ወጥ ያን ጣዕም ሊሰጥ አይችልም፤ በውስጡ የጥበቃው ቅመም የለበትምና።

ሐ. ማዕዱ

በሦስተኛ ደረጃ የሚናፍቀን አብሮ መብላቱ ነው። ቋንቋችን ራሱ ይህን ያስተምረናል። እንጀራ የምግቡ ስም ብቻ ሳይሆን የኑሮም ስም ነው፤ ሥራ ለመፈለግ የወጣ ሰው «እንጀራ ፍለጋ ሄደ» ይባላል። በር ላይ ለደረሰ ሰው የምንሰጠው የመጀመሪያ ቃል «እንብላ» ነው። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለውም ተረት ማዕድ ከሆድ ጉዳይ በላይ መሆኑን ያስገነዝበናል። በአንድ ትሪ ዙሪያ የተቀመጠ ሰው ወደ ራሱ በኩል ካለው ወጥ እንዲበላ፣ ታላቁን እንዲጠብቅ፣ የመጨረሻውን ሥጋ ለሌላው እንዲተው ይማራል። ይህን ሁሉ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ በጉርሻ መካከል የተማርነው ነው።

3. ናፍቆት የሚረሳው ነገር

እስካሁን ናፍቆትን አመስግነናል። ነገር ግን ትምህርታችን ሙሉ እንዲሆን ሌላውንም ገጽታውን መመልከት ይገባናል። ናፍቆት የሚወደውን መርጦ ያስቀምጣል፤ የቀረውን ይጥላል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የምናገኘው በኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 11 ነው። እስራኤላውያን በምድረ በዳ መናውን እየበሉ ሳለ በግብፅ የበሉት ዓሣና ሽንኩርት፣ ዱባና ሐብሐብ ትዝ ብሏቸው አለቀሱ። በግብፅ ያለ ዋጋ እንበላ ነበር ብለውም ተናገሩ። ዋጋው ባርነታቸው እንደነበረ ግን አላስታወሱም። ምላሳቸው ሽንኩርቱን ሲያስታውስ ትከሻቸው ጡቡን ረሳ። እንግዲህ እኛም ስለ ልጅነታችን ገበታ ስናወራ «ያለ ዋጋ» የበላን ይመስለናል። ዋጋውን የከፈለ ሰው ግን ነበረ።

እስቲ እናስብ። የበዓሉን ዶሮ ማን ነጨ? በፈላ ውኃ ተነክሮ፣ ተነጭቶ፣ በእሳት ተለብልቦ፣ በ12 ብልት ተበልቶ፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ እስኪነጣ የታጠበው በማን እጅ ነው? ያ ሁሉ ሽንኩርት ተከትፎ ለሰዓታት ሲቁላላ ከምድጃው አጠገብ የቆመው ማን ነበር? ሁላችን በማዕዱ ዙሪያ ስንቀመጥ እናቶቻችን የት ነበሩ? በልጅነታችን ብዙ በዓላትን እናስታውሳለን፤ እምዬ ከእኛ ጋር ቁጭ ብላ የበላችበትን አንድ በዓል ግን አራታችንም ተባብረን ልናስታውስ አልቻልንም። ወጥ ስትጨምር፣ እንጀራ ስትደርብ፣ «ብሉ እንጂ፣ ምነው አትበሉም» ስትል እናስታውሳታለን። እርሷ የምትበላው በኋላ፣ በጓዳ፣ ከድስቱ ግርጌ ነበር።

ደግሞም የቀደመው ገበታ ሁልጊዜ ሙሉ አልነበረም። እምዬ ከእንጀራ የወደቀች ፍርፋሪ እንኳ ብትሆን አንሥታ ስማ ታስቀምጥ ነበር። ልጆች ሳለን በዚህ እንሥቅባት ነበር። ኋላ ግን ነገረችን። በ1977 ዓ.ም. በነበረው ድርቅና ረሃብ ጊዜ ከወሎ በኩል በእግር እየወረዱ በከተማችን ያለፉትን ሰዎች አይታለች፤ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው አውራ ጎዳና በደብረ ብርሃን በኩል ያልፋልና። አንዲት እናት በደጃፏ ተቀምጣ የተሰጣትን ግማሽ እንጀራ በአምስት ቦታ ስትከፍል አይታ «ከዚያ ቀን ጀምሮ እንጀራ መጣል አልቻልኩም» ብላናለች። ከዚያ በኋላ አልሣቅንባትም።

ከዚህ ጋር የሚስማማ ሌላ ታሪክ በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 23 ተጽፎ ይገኛል። ዳዊት በዋሻ ተሸሽጎ ሳለ የትውልድ መንደሩ የቤተልሔም የጕድጓድ ውኃ አማረው። ሦስት ኃያላን የጠላትን ሠራዊት ጥሰው ቀድተው አመጡለት። እርሱ ግን ሊጠጣው አልፈቀደም፤ ነፍሳቸውን አሳልፈው የሰጡበት ስለሆነ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። ዳዊት የናፈቀውን ጣዕም ባገኘ ጊዜ አስቀድሞ ያየው የአምጪዎቹን ድካም ነው። እውነተኛ ናፍቆት እንዲህ ነው። ጣዕሙን ከሚያስታውስ ሰው ይልቅ እጁን የሚያስታውስ ሰው ይበልጣል።

4. የቤተሰባችን ምሳሌ

እምዬ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ዐረፈች። በሰማንያዋ ዕለት ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ በላ። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ቤቱ ክፍፍል በትልቁ አጎታችንና በትልቋ አክስታችን መካከል ጠብ ተነሣ። ማን እንደ በደለ ለመፍረድ ዕድሜያችንም ዕውቀታችንም አይፈቅድልንም። የምናውቀው ውጤቱን ነው። በ2014፣ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ሦስት ትንሣኤዎች አለፉ፤ ሁሉም በየቤቱ በላ። እኛ አራታችን ከታናሽ አክስታችን ጋር በእምዬ ቤት ለአምስት ሆነን ስንቀመጥ መሶቡ ይሰፋን ነበር። እያንዳንዳችን ስልካችንን እያየን በልተን እንነሣለን። አብረውን ያደጉት የአጎታችንና የአክስታችን ልጆች በመንገድ ሲያገኙን ሰላምታ ለመስጠት ያፍሩ ጀመር።

በ2017 ዓ.ም. ለዓቢይ ጾም መጨረሻ ወደ ቤት ስንመለስ ታናሽ አክስታችን ታማ አገኘናት። ሕመሟ የሚያሠጋ አልነበረም፤ ነገር ግን ከምድጃ አጠገብ ልትቆም አትችልም ነበር። «ዘንድሮ ዶሮውን እኛ እንሠራለን» አልን። ይህን ስንል አንድ ነገር ገባን፤ ከእኛ አንዱም አሠራሩን አያውቅም ነበር። ለ20 ዓመታት የበላነውን ምግብ አንድ ቀን እንኳ ልብ ብለን አላየነውም። እምዬም የጻፈችው ነገር አልነበረም። መለኪያዋ እጇ ነበር፤ እጇም አብሯት ሄዷል።

ስለዚህ መጠየቅ ጀመርን። በዐረብ አገር ያለችው የሁለታችን እናት በስልክ እያየችን ዶሮውን እንዴት በ12 ብልት እንደምንለይ ልታሳየን ተስማማች። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ጎደሉን። የእምዬን በርበሬ በእርሷ አሠራር የሚያዘጋጁት ትልቋ አክስታችን ብቻ ናቸው። ዶሮውን ደግሞ በቤታችን ወግ ሁልጊዜ የሚያርዱት ትልቁ አጎታችን ነበሩ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መጥራት ለአንዱ ወገን ማድላት ይሆናል፤ ሁለቱን መጥራት ደግሞ ጠብ መጋበዝ መሰለን። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ሁለቱንም ጠራን፤ ለአንዳቸውም ስለ ሌላው አልነገርንም። ይህ ትክክል ነበር ብለን አንመክርም። የሆነውን ግን እንናገራለን።

አጎታችን በስልክ «የሰፈሩ ወንድ ሁሉ አለቀ?» አሉ።

«አላለቀም ጋሼ፤ ግን በእምዬ ቤት ያረደ ሌላ ሰው የለም» አልናቸው።

ጥቂት ዝም አሉና «ቢላዋው የተሳለ ነው?» ብለው ጠየቁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥተው አረዱልን። ሊሄዱ እጃቸውን ሲታጠቡ አክስታችን በርበሬውን ይዘው ገቡ። «ላክልን ማለታችሁን ሰምቻለሁ፤ ነገር ግን እናንተ ታሳርሩታላችሁ» እያሉ ነበር የገቡት። ወንድማቸውን ሲያዩ ቃሉ ከአፋቸው ቀረ። «እንደምን ዋልህ» «ደኅና ነሽ» ተባባሉ፤ ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም። አጎታችን ግን አልሄዱም። በረንዳው ላይ ተቀመጡ። አክስታችን ወጥ ቤት ገቡ።

ያን ማታ የተማርነውን ከአንድ ዓመት ትምህርት ጋር አንለውጠውም። ሽንኩርቱ ያለ ቅቤ በራሱ ውኃ እስኪሟሟ ድረስ እንደሚቁላላ፤ በርበሬው ከገባ በኋላ ጠብ ጠብ እያለ ውኃ እየተጨመረበት እንጂ በጥድፊያ እንደማይበስል፤ ንጥር ቅቤው መቼ እንደሚገባ፤ መከለሻው ለመጨረሻ፣ የተቀቀለው እንቁላል ከሁሉም በኋላ እንደሚሆን ተማርን። ነገር ግን ትዕግሥታችን አጭር ነበር። የቅዳሴው ሰዓት ሲደርስ ሽንኩርቱ ገና እያለ ብልቱን ጨመርነው፤ አክስታችንም «ተዉ» ቢሉን አልሰማንም። ጨውንም ሁለት ሰዎች በየተራ ጨመርን፤ አንዱ የሌላውን ሳያይ።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ዶሮ ጮኾ ነበር። ቄጠማው ተጎዝጉዟል። የአጎታችንና የአክስታችን ልጆችም ከቅዳሴ ተከትለውን መጡ። ድፎው ቀረበና አጎታችን እንዲቆርሱ ተጠየቁ። ባርከው ቆረሱና የመጀመሪያውን ቁራሽ ታላቃቸው ስለሆኑ ለአክስታችን ሰጡ። እርሳቸውም ዝም ብለው ተቀበሉ። ከዚያ ወጡ ወጣ። ሁላችንም ቀምሰን ዝም አልን።

አክስታችን «ሽንኩርቱ አልበሰለም» አሉ።

አጎታችን «ጨውም በዝቷል» አሉ።

በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለቱ የተስማሙበት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር። መጀመሪያ የሣቀችው ታማሚዋ አክስታችን ናት፤ ቀጥሎም ቤቱ ሁሉ ሣቀ። አጎታችንም ሣቁን ሲጨርሱ «እምዬ ብትኖር ዳግመኛ ታሠራችሁ ነበር» አሉና ጠቅልለው ለእኅታቸው አጎረሱ። አንድ ጉርሻ ያጣላል እንደሚባለው ደግመው ሊያጎርሱ ሲሉ አክስታችን ቀደሟቸውና እርሳቸው አጎረሱ። ብዙዎቻችን ወደ መሶቡ አጎነበስን።

እንዳትሳሳቱ፤ የቤቱ ጉዳይ በዚያ ሌሊት አላለቀም። እስከዛሬም በሽማግሌ እጅ ነው። ወጡም ጥሩ አልነበረም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በበዓል ቀን ይጠያየቃሉ፤ ልጆቻቸውም በመንገድ ሲያገኙን አያፍሩም። የእምዬን አሠራር አንዱ ልጇ ብቻውን እንዳልያዘውም አየን። ማረዱ በአንዱ ዘንድ፣ በርበሬው በሌላዋ ዘንድ፣ አበላለቱ በሦስተኛዋ ዘንድ ነበር። ሁሉም ካልተሰበሰቡ ወጡ አይሠራም።

5. ምን እናድርግ?

ከላይ ከተመለከትነው በመነሣት ለእኛ ለወጣቶች የሚከተሉትን እናሳስባለን።

አንደኛ፤ ሳይመሽ እንማር። በዚህ ዕረፍት ወደ ቤት ስንሄድ አንድ ደብተር ይዘን ከእናታችን አጠገብ እንቁም። «በእጅ መጠን» ሲሉን ያን እጅ በማንኪያ ለክተን እንጻፍ። ይህ ለእኅቶች ብቻ የተሰጠ ትምህርት አይደለም። ወንድሞችም ሽንኩርት ቢከትፉ የሚጎድልባቸው ክብር የለም፤ የሚያፈስሱት እንባም ያስተምራቸዋል።

ሁለተኛ፤ የሠራችው ትቀመጥ። ከሚመጣው በዓል ጀምሮ እናታችን ሳትቀመጥ ማንም እንዳይጀምር በየቤታችን ደንብ እናድርግ። እንጀራ የሚደርብ ልጅ ይነሣ። በመጀመሪያ እናቶቻችን እንደማይቀበሉን እናውቃለን፤ «ተዉኝ፣ በኋላ እበላለሁ» ይላሉ። ቢሆንም እንጽና።

ሦስተኛ፤ በሳምንት አንድ ማዕድ እናክብር። የየቤቱ የሥራና የትምህርት ሰዓት መለያየቱን እናውቃለን። ነገር ግን ቢያንስ እሑድን ስልክ በሌለበት ገበታ፣ ሽሮም ብትሆን፣ አብረን እንብላ። ለናፍቆት የሚበቃ ልጅነት የተሠራልን እንዲህ በመሰለ ተራ ምሳ ነው። ለታናናሾቻችንም ይህን ልናቆይላቸው ዕዳ አለብን።

አራተኛ፤ የጎደለውን እንጥራ። በእያንዳንዱ ቤተሰብ በቂም፣ በርቀት ወይም በድህነት ከማዕዱ የቀረ ሰው አለ። በየጎረቤቱም ልጆቻቸው ውጭ አገር የሄዱባቸው፣ በዓልን በስልክ ድምፅ ብቻ የሚያሳልፉ አረጋውያን አሉ። ሰሐን ሸፍኖ መላክ መልካም ነው፤ መጥራት ግን ይበልጣል።

ማጠቃለያ

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የተጻፈው የጠፋው ልጅ ወደ ልቡ የተመለሰው በአባቱ ቤት የተትረፈረፈውን እንጀራ ባስታወሰ ጊዜ ነው። ትዝታው ግን በማልቀስ አላበቃም፤ ተነሥቶ ሄደ። የኦሪቶቹ ሰዎች ሽንኩርት አስታውሰው አጉረመረሙ፤ ይህ ልጅ እንጀራ አስታውሶ መንገድ ጀመረ። ሁለቱም ናፍቆት ነበራቸው። ልዩነቱ ናፍቆቱ እግር ማውጣቱ ነው። እኛም በመኝታ ቤት ጨለማ የምናወራው የምግብ ጨዋታ በጨዋታነቱ እንዳይቀር፣ ወደ ቤታችን፣ ወደ ምድጃችን፣ ወደ ተቀያየምነው ሰው የሚወስድ መንገድ ይሁንልን።

ትንሽ ነገር እንጨምር። ባለፈው ክረምት ታናሽ አክስታችን እንጀራ ስትጋግር ከቡሃቃው ግርጌ የቀረውን ሊጥ እኛ ተቀብለን አንዲት እንጎቻ ጋገርን። ቅርጿ እንደ ካርታ ነበር። በቅቤና በበርበሬ ቀብተን ለአክስታችን ሰጠናት። «ይህ የማን ነው?» ብላ ጠየቀች። «የአንቺ» አልናት። ዕድሜዋ 45 ነው፤ እንጎቻ የተሰጣት ግን በልጅነቷ መሆኑን ነግራን፣ በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ ሞቅ እንዳለ በላች።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. ከልጅነታችሁ ምግቦች አንዱን ምረጡ። ማን እንደሠራው፣ እርሷ ወይም እርሱ መቼ እንደሚበሉ ታስታውሳላችሁን?

ለ. በዘኁልቁ ምዕራፍ 11 እና በሉቃስ ምዕራፍ 15 የተጻፉት ሁለት ትዝታዎች በምን ይመሳሰላሉ? በምን ይለያያሉ?

ሐ. በቤታችሁ ያለ አንድ የምግብ አሠራር ሊጠፋ የተቃረበ አለን? ዛሬ ማንን ልትጠይቁ ትችላላችሁ?

መ. እኛ ሁለቱን ዘመዶቻችንን ሳንነግራቸው ማገናኘታችን ተገቢ ነበርን? የተሻለ መንገድ ካለ ተወያዩበት።